የአክስቴ ሳሎን ተክልና የሕንዶቹ ሙርቫ

አክስቴ በቴሌግራም ቮይስ ስትልክ አትቸኩልም። መጀመሪያ ሰላምታው ይደረደራል፣ ከዚያ የዘመድ አዝማድ ወሬ ይመጣል፣ ዋናው ጉዳይ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ያን ቀን ግን በቀጥታ ገባችበት። «አንቺ ልጅ፣ ሕንድ አገር ነሽ አይደል? ይሄ ሳሎኔ ያለው ስኔክ ፕላንት መድኃኒት ነው አሉ። የሕንዶች የጥንት ሕክምና ነው፣ አዩርቬዳ የሚሉት። ለስኳር ፍቱን ነው ይላሉ። አንዱን ቅጠል ቆርጬ፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ላፍላው ወይስ ልጭመቀው?»

ከሥሩ ቪዲዮ አያይዛለች። አንዲት ሴት ቢጫ ጠርዝ ያለውን ረጅም ቅጠል በመቀስ ትቆርጣለች፣ ትከታትፋለች፣ ድስት ውስጥ ትጨምራለች። ከጀርባ የሲታር ሙዚቃ አለ። ስንት ቅጠል በስንት ውሃ እንደሆነ አይነገርም። ማን መጠጣት እንደሌለበትም አይነገርም።

አክስቴ ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ትወስዳለች። ስለዚህ ቮይስ መመላለሱን ትቼ ደወልኩላት። «አክስቴ፣ እባክሽ እኔ ሳልጠይቅልሽ እንዳትጠጪው» አልኳት። እሺ አለችኝ፣ ቅር እያላት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል የተናገረችው ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። «አንቺ ደግሞ! ቅጠል ምን ያደርጋል?»

ምንም የማያደርግ ከሆነ ለምን ይጠጣል? የሚያደርገው ነገር ካለ ደግሞ ደጉን ብቻ ነው የሚያደርገው ያለው ማነው?

የምኖረው ቪሻካፓትናም ነው፣ በአንድራ ፕራዴሽ የባሕር ዳርቻ። ለትምህርት የመጣ ኢትዮጵያዊ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከተከራየሁት ክፍል ሥር የአዩርቬዳ ክሊኒክ አለ። ስወጣ ስገባ የሰሊጥ ዘይትና የደረቅ ዝንጅብል ሽታው ይቀበለኛል። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እንደ አካባቢው የቴሉጉ ቋንቋ ተናጋሪዎች ልማድ «አማ» ብለው ይጠሩኛል። እኔም እንደ አገሩ «ማዳም» እላቸዋለሁ። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ቪዲዮውን ይዤ ወረድኩ።

ጠረጴዛው ላይ

ማዳም ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ስልኩን መለሱልኝና ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ አክስቴ ጠየቁኝ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለች? የምግብ ፍላጎቷ እንዴት ነው? ሆዷ ይደርቃል ወይስ ይለቃል? እንቅልፍ ትተኛለች? ኩላሊቷን ተመርምራለች? ግማሹን መለስኩ፣ ግማሹን አክስቴን መጠየቅ አለብኝ አልኩ።

«በሽተኛዋን ሳናውቅ መድኃኒት ነው፣ አይደለም ብለን እንዴት እንከራከራለን?» አሉኝ።

ከዚያ የብረት ካቢኔቱን አንድ መሳቢያ ሳቡ። የወረቀት ከረጢት አወጡና የያዘውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። የተቆራረጠ ደረቅ ሥር ነው። ቡናማ፣ ቅርፊቱ ሸካራ፣ ውስጡ ፈዘዝ ያለ። አንዱን ቁራጭ ሰጡኝ። ነከስ አደረግኩት። ይመራል።

«ይሄ ሙርቫ ነው» አሉ። «ሐረግ ነው። ዛፍ ላይ ይወጣል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። የመንግሥት የአዩርቬዳ መድኃኒት መጽሐፍ ሙርቫ የሚለው ይሄን ነው።» በሳይንሳዊ ስሙ ማርስዴኒያ ቴናሲሲማ ይባላል።

ተነሡና በጓሮ በር ወጡ። ተከተልኳቸው። ግንቡ ሥር፣ ፀሐይ በሚያነደው ደረቅ መሬት ላይ፣ የአክስቴን ተክል የሚመስል ነገር በቅሏል። ጠጋ ሲሉት ግን ይለያል። ቅጠሉ ጠበብ ያለ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ ጫፉ ይሾላል። ጠቆር ያሉ መስመሮች አግድም ያቋርጡታል። ቢጫ ጠርዝ የለውም። አንዱን ቅጠል ከሥር ቆርጠው ይዘው ገቡና ከደረቁ ሥር አጠገብ አኖሩት።

«ይሄም ሙርቫ ነው» አሉ። «ቤንጋል የተማረ ሐኪም ሙርቫ ስጠኝ ብትዪው የሚያመጣልሽ የዚህን ሥር ነው። ኬረላ ብትሄጂ ሌላ ሐረግ ይሰጡሻል። ማሃራሽትራ ደግሞ ሌላ።»

ከዚያ ስልኬን ጠየቁኝ። ቪዲዮውን ተክሉ በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ አቆሙትና ስልኩን ከቅጠሉ ጎን አጋደሙት። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ስልኩ በአንድ መስመር ተደረደሩ።

«ይሄ ግን ሙርቫ አይደለም።»

ዝም ብዬ ሦስቱን አየሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግራ መጋባት ነው። የዚህን ያህል ዘመን የቆየ ሕክምና በገዛ መድኃኒቱ ማንነት ካልተስማማ ምኑ ይታመናል? ጥያቄውን በተቻለኝ ትሕትና አቀረብኩት። ማዳም ግን ነገሩ አላሳፈራቸውም። የአዩርቬዳ ተማሪ በኮሌጅ ውስጥ ማንነታቸው የሚያከራክር መድኃኒቶችን ለብቻ ይማራቸዋል። ሙርቫ ከነዚህ አንዱ ነው። ክርክሩ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ የትምህርቱ አካል ነው።

እሳቸው የሚሰጡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የተማሩት በእሱ ነው። በሽተኞቻቸው ላይ ለዓመታት ያዩትም እሱን ነው። ሌላውን ለምን እንደማይሰጡ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ስንት እንደሚበዛ አላውቅም።»

ይህቺ መልስ ናት ነገሩን የገለበጠችብኝ። እስከዚያ ድረስ የእኔ ጥያቄ «ይሄ ቅጠል መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። ማዳም ግን በዚያ መንገድ አያስቡም። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ቅጠሉ ወይም ሥሩ ብቻ አይደለም። ስንት እንደሚበቃ፣ ስንት እንደሚበዛ፣ ከምን ጋር እንደሚሄድ፣ ለማን እንደማይሆን አብሮ ካልታወቀ መሳቢያው ውስጥ ያለው ደረቅ እንጨት ነው። የቤንጋሉ ሐኪም ስለ ሁለተኛው ተክል ይህን ሁሉ ያውቅ ይሆናል። ከአስተማሪው ተቀብሎታል፣ በሽተኛ ላይ አይቶታል፣ አንድ ነገር ቢፈጠር በሩ ይንኳኳል። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ በር የላትም። አክስቴ እኩለ ሌሊት ላይ ሆዷን ቢቆርጣት ማንን ታንኳኳለች?

የቀስት ገመድ

በጣም የማይመሳሰሉ ተክሎች እንዴት አንድ ስም ያዙ? አንዱ ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ሐረግ፣ ሌላው መሬት ላይ የቆመ ወፍራም ቅጠል። ማዳም መልሱን በእጃቸው አሳዩኝ።

ከጓሮ የቆረጡትን ቅጠል ጣውላ ላይ አስተኙት። በደነዘ ቢላ ከወገቡ ወደ ጫፉ ይፍቁት ጀመር። አረንጓዴው ሥጋ እየተላጠ፣ እየረጠበ ወደ ጎን ሄደ። ከሥሩ ነጭ ጭረት ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ጥቂቱን ሰብስበው ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ገመዱትና «ሳቢው» አሉኝ። ሳብኩት። ጣቴን ሊቆርጠኝ ደረሰ እንጂ አልተበጠሰም። እኛ አገር ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ ቃጫ ነው ይላል፣ ትክክልም ነው።

የጥንቱ ሙርቫ የታወቀበት ዋና ነገር ይህ ነው። የቀስት ገመድ ይሠራበት ነበር። የማኑ ሕግ በሚባለው የሕንዶች የጥንት ሕግ መጽሐፍ ላይ የብራህሚን፣ ማለት የካህናቱ ወገን ልጅ ወደ ትምህርት ሲገባ ወገቡን በሙንጃ ሣር ይታጠቃል፣ የተዋጊው ወገን ልጅ ደግሞ በሙርቫ የቀስት ገመድ ይታጠቃል ተብሎ ተጽፏል። ሐረጉም ጠንካራ ጭረት አለው፣ ቅጠሉም አለው። የጥንቶቹ ጽሑፎች በግጥም የተጻፉ ናቸው፣ ሥዕል የላቸውም። አስተማሪ ተማሪውን ይዞ ጫካ ይወጣና «ይሄ ነው» ይለዋል። አገሩ ሰፊ ነው። ሂማላያ ግርጌ ያለው አስተማሪና ባሕር ዳር ያለው አስተማሪ የሚያሳዩት ጫካ አንድ አይደለም። ሁለቱም ግን ቀስት የሚወጥር፣ መራራ ሥር ያለው ነገር እየፈለጉ ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ ክርክሩ የተወለደው ከዚህ ነው።

ሳሎን ድረስ የመጣው ዘመድ

አክስቴ ሳሎን ያለው ተክል ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ያለው ምድር። የሚገርመው ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ግን በሕንድ በኩል መሆኑ ነው። ዴቪድ ፕሬን የሚባል ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ የካልካታን የዕፅዋት አትክልት ቦታ ይመራ ነበር። በ1903 ስለ ቤንጋል ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሳንሰቪየሪያ ትሪፋሺያታ ብሎ መዘገበው። አፍሪካዊው ተክል ያኔ ቤንጋል ደርሶ ነበር ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ድራሲና ወደሚባለው ወገን ተዛውሮ ስሙ ተለወጠ። አበባ ሻጮች ግን አሁንም በድሮው ስሙ ይጠሩታል።

የማዳም ጓሮ ያለው ሕንዳዊው ዘመዱ በድሮው ስሙ ሳንሰቪየሪያ ሮክስበርጊያና ይባላል። ስሙ ለዊልያም ሮክስበርግ መታሰቢያ ነው። ሮክስበርግ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሐኪም ነበር። በ1793 የካልካታውን አትክልት ቦታ ከመረከቡ በፊት ሳማልኮት በምትባል ከተማ ለዓመታት የዚህን ባሕር ዳርቻ ዕፅዋት ሲሰበስብና በሠዓሊ ሲያስሥል ኖሯል። ሳማልኮት እኔ ካለሁበት በባቡር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይህ ተክል በነዚህ ደረቅ ኮረብቶች ግርጌ፣ በቁጥቋጦ መሃል፣ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የአገሬው ሰው ለጋ ቀንበጡን ጨምቆ አክታ ላስቸገረው ሕፃን ይሰጠው እንደነበር የድሮ መዛግብት ጽፈዋል። ሥሩንም ለቆየ ሳል ይወስዱት ነበር።

እንግዲህ የቪዲዮው ወሬ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። የጥንቱ ጽሑፍ ሙርቫን ከትኩሳት፣ ከቆዳ ማሳከክና ፕራሜሃ ከሚባሉት የሽንት ሕመሞች ጋር ያነሣዋል። የዛሬዎቹ የአዩርቬዳ ሐኪሞች የስኳር በሽታን ከፕራሜሃ ጋር ያገናኙታል። አንዳንድ አካባቢ ሙርቫ የሚባለው ሕንዳዊው ሳንሰቪየሪያ ነው። የእሱ የመሬት ውስጥ ግንድ ጭማቂ ላቦራቶሪ ውስጥ ስኳር በያዛቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ ስኳራቸውን ዝቅ ማድረጉ ተጽፏል። ሳንሰቪየሪያ በየሳሎኑ ያለው ስኔክ ፕላንት ነው። አለቀ! እያንዳንዱ እርምጃ ላይ እውነት የሚመስል ነገር አለ። ግን ሥሩ ቅጠል ሆነ፣ ሕንዳዊው አፍሪካዊ ሆነ፣ አይጡ አክስቴ ሆነች።

ሰው አገር ያለ ነገር የሚያስተማምነን ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ከሩቅ ሲመጣ ማንነቱን የሚጠይቅ የለም። ሰፈራችን ያለ መድኃኒት አዋቂ ያንኑ ቅጠል ጠጪ ቢላት አክስቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የማን ልጅ ነው? ማንን አድኗል?» ብላ ነው። «የሕንድ ጥበብ» ሲባል ግን ጥያቄው ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት አባቶች ልብስና ጌጥ አስበው ይሆናል። ለመድኃኒትም ይሠራል።

ፍየል ጠባቂው የሚያውቀው

በሌላ ቀን ማዳም የቻራካን መጽሐፍ አወጡልኝ። ቻራካ ሳምሂታ ከአዩርቬዳ ዋና ዋና ጽሑፎች አንዱ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ መድኃኒቶች አሥር አሥር እየሆኑ በቡድን ተዘርዝረዋል። ሙርቫ የእናት ጡት ወተትን ያጠራሉ በተባሉት አሥር ውስጥ አለ። አብረውት ዝንጅብል አለ፣ የሂማላያ ዝግባ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ሱሽሩታ በሚባለው በሌላው መጽሐፍም ከሌሎች መራራ መድኃኒቶች ጋር በቡድን ተጠቅሷል። ይህን ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማዳም ባሳዩኝ ገጾች ሁሉ ሙርቫ ከሌሎች ጋር እንጂ ብቻውን አልቆመም። ድስት ውስጥ የተጣለ አንድ ቅጠል እዚያ የለም።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ መለሱኝና ሁለት ቦታ አነበቡልኝ፣ በእንግሊዝኛ እየፈቱ። አንደኛው እንዲህ ይላል። ፍየል ጠባቂዎች፣ በግ ጠባቂዎች፣ ከብት ጠባቂዎችና ሌሎች በጫካ የሚኖሩ ሰዎች ዕፅዋትን በስምና በመልክ ያውቋቸዋል። ስምና መልክ ማወቅ ብቻውን ግን የመድኃኒትን ሙሉ አጠቃቀም ማወቅ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ያልታወቀ መድኃኒት እንደ መርዝ፣ እንደ ጦር መሣሪያ፣ እንደ እሳት፣ እንደ መብረቅ ነው፣ የታወቀ ግን እንደ አምሪታ ነው ይላል። አምሪታ በእነሱ ዘንድ ሞትን የሚያሸንፍ መጠጥ ነው።

ፍየል ጠባቂዎቹ መጠቀሳቸው ልቤን ነካው። መጽሐፉ አይንቃቸውም። ዕፅዋትን የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብሎ በግልጽ ይመሰክራል። ሐኪሙ ጫካ ሲገባ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አለ ይላል። የእኛም አዋቂዎች ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም። ኮሶ በየትኛው ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በምን ልክ እንደሚጠጣ፣ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ የሚያውቁት ሰዎች ዛፉን ብቻ የሚያውቁ አልነበሩም። ኮሶ ቆንጆ ዛፍ ነው፣ አበባው ያምራል። ከልክ ያለፈ ኮሶ ግን ዓይን ያጠፋል።

እንዶድ

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ቅጠል ምን ያደርጋል? ስኔክ ፕላንት ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ውሃ ውስጥ ሲመቱ ያረፋሉ። ሰው ሲበላቸው ያቅለሸልሻሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። ድመትና ውሻ ያላቸው ሰዎች ይህን ተክል ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጡ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሳፖኒን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንዶድ የሚያረፋው በእሱ ነው። ልብስ ያጠብንበት እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድለው እንዶዱ መሆኑን የደረሰበትም በዚሁ ነው። ያ ግኝት ለዓለም ተርፏል። እንዶድ ዕፅ ነው፣ የአገር ነው፣ ጠቃሚ ነው። ግን ማን ነው እንዶድ በብርጭቆ የሚጠጣ?

አክስቴን ያሳመናት ይህ ነው። ስለ ቻራካ ስነግራት በትሕትና ነው የሰማችኝ። ስለ ሙርቫ ክርክር ስነግራት «እነሱስ መች ተስማሙ» ብላ አለፈችው። እንዶድ ስል ግን ዝም አለች። «ያ ሳሎኔ ያለው እንዶድ ያለው ነገር አለው?» አለችኝ። ዓይነቱ ይለያያል፣ ወገኑ ግን አንድ ነው አልኳት። የቆረጠችውን ቅጠል ውሃ ውስጥ ከታ ሥር እስኪያወጣ እየጠበቀችው ነው። ይህ ተክል ከቅጠሉ ይባዛል፣ ቢጫ ጠርዙ ግን በቅጠል ሲባዛ አይወረስም። አዲሱ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ቢወጣ እንዳትገረም ነግሬያታለሁ።

ስኳሯንም በግልጽ አወራን። ለካ ሜትፎርሚኑ ሆዷን ይረብሻታል፣ ለሐኪሟ ግን አልነገረችም። ቪዲዮው ልቧን የሳበው ለዚህ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ በሽታውን አልደበቀችም፣ የመድኃኒቱን ችግር ነው የደበቀችው። ማዳም የመጀመሪያ ቀን «ሆዷ እንዴት ነው?» ብለው የጠየቁኝ ትዝ አለኝ። ተክሉን ሳያዩ የጠየቁት ጥያቄ ነው ወደ ዋናው ችግር የወሰደን። አክስቴ ሐኪሟ ጋ ሄዳ ነገረች። ኪኒኑን ከምግብ ጋር እንድትወስድ፣ አወሳሰዱም እንዲስተካከል ተደርጓል።

አየር ያጸዳል የሚባለውም ስለሚጠየቅ ባጭሩ ልበል። መነሻው ናሳ በ1989 ያወጣው ጥናት ነው። ተክሎቹ የተሞከሩት በታሸጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። መስኮትና በር ያለው ቤት ሌላ ነው። በ2019 የወጣ ግምገማ መስኮት ከፍቶ አየር የማናፈስን ያህል ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ሊያስፈልግ እንደሚችል አስልቷል። ተክሉ ያምራል፣ ውሃ ቢረሱትም አይቀየምም፣ ለእኔ ይበቃኛል።

ማዳም የጠየቁኝ

ከዚያ በኋላ ማዳም ጋ ሻይ መጠጣት ለምደናል። አንድ ቀን ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። «እናንተ አገር ይሄ ተክል የለም?» አሉኝ። አለ። አክስቴ ሳሎን ያለው ሳይሆን የዱር ዘመዶቹ፣ በስምጥ ሸለቆውና በሌላውም ደረቅ ቆላ ይበቅላሉ። ቃጫ ይወጣባቸዋል። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ አድርጎ ጭማቂውን ለታመመ ጆሮ ጠብ ማድረግም የታወቀ ነው። ይህን ስነግራቸው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። የጆሮ ታምቡር የተቀደደበት ሰው ላይ ጭማቂ ማፍሰስ አደጋ እንዳለው ተናገሩ፣ ወዲያው ደግሞ እርሳስ አነሡ።

ይጠይቁኝ የነበረው ሁሉ በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ነው። የትኛው ዘመዱ ነው? ቅጠሉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ድቡልቡል? ለጋው ነው ወይስ የበሰለው? ለሚመግል ጆሮም ይሰጡታል ወይስ ለሚያመው ብቻ? የሚሰጠውስ ማነው፣ እናት ናት ወይስ አዋቂ? አብዛኛውን መመለስ አልቻልኩም። የእኔ ሰዎች ደገኞች ናቸው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የቆላ ልጆች፣ የመተሐራ፣ የአዋሽ፣ የአርባ ምንጭ ሰዎች፣ እርዱኝ። አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። ፎቶ ስታነሱ ቅጠሉ ብቻ አይሁን፣ አበባ ካለው አበባው፣ ፍሬ ካለው ፍሬው ይታይ። የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፉልኝ። ማን እንዳስተማራቸውም፣ ለማን እንደማይሰጡትም ጠይቁ። ማዳም ወረቀቱ ላይ ሁለቴ ያሰመሩበት ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ ቅጠሉ እሳት ላይ የሚቆየው ለምን ያህል ጊዜ ነው?